የጠቆሩት እስስቶች

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ማርታ ቡራዩ ካለው ቤታችን የጥድ አጥር ላይ ያገኘቻትን እስስት በካርቶን ይዛ ገባች።

"አባዬ፣ ቤት እንሥራላት?" አለችኝ። ከዚያም ወደ ካርቶኑ አጎንብሳ፣ "ጠቁራለች እኮ። በርዷት ይሆን?"

ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩ ላስረዳት ስጀምር ግን፣ ለዓመታት ስተርከው የኖርኩት ነገር በእርግጥ እንደምተርከው ሆኖ እንደሆነ ተጠራጠርኩ።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ክረምቱን ያሳለፍኩት ሱሉልታ፣ እናታችን ቤት ነበር። ያ ክረምት በትዝታዬ ውስጥ ፀሐይ የለውም። ምናልባት ወጥታ ይሆናል፤ እኔ የማየው ግን ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደውን ጉም፣ የረጠበውን ባሕር ዛፍና አስፋልቱ ዳር የሚጠበሰውን በቆሎ ብቻ ነው። ከጎረቤታችን ከኦቦ ቱፋ አጥር ላይ ሦስት እስስቶች ለቀምኩ። ጓደኛዬ ከድር ከአባቱ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ አመጣልኝና በባሕር ዛፍ እንጨት እስከ ደረቴ የሚደርስ ቤት ሠራንላቸው። ውስጡ ቅርንጫፎች አቆምን። የሚጠጡት ከቅጠል ላይ እየላሱ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ላይ ውኃ እረጭ ነበር።

"መንግሥት የሚያስተምርህ ዝንብ እንድታድን ነው?" ይለኝ ነበር ከድር፣ ራሱ በጠርሙስ ዝንብ ሞልቶ እየመጣ።

የሽቦውን ቤት ያስቀመጥነው በግቢው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ታናሽ እኅቴ ትርሲት ለማትሪክ ታጠና ነበር። "ባንድ ዓይኑ እኔን፣ ባንዱ መጽሐፌን ያያል። ይሄ እስስት ሳያልፍ አይቀርም" ትል ነበር።

አንድ ጠዋት ኦቦ ቱፋ "አካም ቡልተ" እያሉ ገቡና ሽቦውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት።

"ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ወደ አጥሩ መልሳቸው።"

"ምን ያደርጋሉ ብለው ነው፣ ኦቦ ቱፋ?"

"እነሱ ምንም አያደርጉም። እስስት ነፋስ ያጣችበት ቤት ግን ለሰውም አይሆንም።"

በአክብሮት "እሺ" አልኳቸው፤ በልቤ ግን ሳቅሁ። እስስት የምትጠቁረው ሙቀት ለመሳብ መሆኑን ከመጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነበርኩና።

ነሐሴ ሲገባ ሦስቱም ጠቆሩ። የሱሉልታ ብርድ ያሳደጋቸውን ፍጥረታት ከሱሉልታ ብርድ ላድን ተነሣሁ። የመስኮቱን ስንጥቅ በማዳበሪያ ከረጢት ደፈንኩ፤ የከሰል ምድጃም ገባ። የከሰል ደንብ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ውጭ ተቀጣጥሎ ነጭ አመድ ሳይለብስ ቤት አይገባም። አመድ ከለበሰ አይጎዳም ብለን እናምን ነበር። አመድ በለበሰው ላይ ጥሬ ከሰል መጨመርን ግን ማንም ጥሬ እንደ ማስገባት አይቆጥረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። እኔ እነከድር ሱቅ ነበርኩ፤ በቆርቆሮው ጩኸት ምክንያት እየተጯጯህን በቆሎ እንበላ ነበር። ሲያባራ ወደ ቤት ሄድኩ። ግቢው ነጭ ነበር፤ ድምፅ አልነበረም። የክፍሏን በር ስከፍት መጀመሪያ ያየሁት እስስቶቹን ነው። ከቅርንጫፉ ወድቀው የሽቦው ቤት ወለል ላይ ተዘርግተዋል። መጽሐፏ ላይ የተደፋችውን እኅቴን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ብረሳው ደስ ይለኝ ነበር።

በብብቷ ይዤ እየጎተትኩ በረዶው ላይ አወጣኋት። ጩኸቴን የሰሙት ኦቦ ቱፋ አጥሩን ጥሰው መጡ፤ ፊቷን በበረዶ እያሹ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተንፍሺ!" ይሏት ጀመር። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ አስመለሳት። ተረፈች። እስስቶቹ አልተረፉም።

ይህን ስተርክ፣ ጥሬውን ከሰል የጨመረችው ሁልጊዜ ትርሲት ነበረች። መቆንጠጫውን ይዛ፣ ከሰሉ ሲንጣጣ ፊቷን ስታዞር እንኳ አያታለሁ። እሑድ ዕለት ግን ለማርታ ከመንገሬ በፊት አሁን ሰበታ ለምትኖረው ለትርሲት ደወልኩና ጠየቅኋት።

"እኔ?" አለች እየሳቀች። "ወንድም ጋሼ፣ 'ራሴን አመመኝ፣ መስኮቱን ልክፈት' ብልህ 'ትንሽ ታገሺ፣ ጠቁረዋል' ብለህ ከሰል ጨምረህ ወጣህ እኮ።"

"ለእማዬ 'እኔ ነኝ' ያልሽው አንቺ ነሽ!"

"ታዲያስ! ፊትህ አመድ መስሎ አሳዘንከኛ። አንተም ታምነኛለህ ብዬ መች አሰብኩ?"

ስልኩን ዘጋሁ። የሚያስታርቀን ሌላ ምስክር የለም፤ እናታችንም ኦቦ ቱፋም አልፈዋል። መቆንጠጫውን አሁንም አየዋለሁ። የያዘው እጅ የማን እንደሆነ ግን አይታየኝም።

ማርታ ካርቶኑን እንደያዘች ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ታዲያ በርዷት ነው?"

"አላውቅም" አልኳት፤ ያኔ ልለው ይገባኝ የነበረውን።

አጥሩ ላይ መለስናት። ጥዱን ስትወጣም እንደ ጠቆረች ነበር።