ግድግዳው ላይ የጻፍነው ሰው

ሊወስዱኝ የመጡት ጠዋት ነው፤ ዝናብ እየጣለ። ሁለቱ ፖሊሶች በር ላይ ቆሙ። አንዱ ገባና እኔን ትቶ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ግድግዳው ላይ በማርከር የጻፍንበት ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ ቀስ ብሎ ላጠውና ጠቀለለው። "ጫማህን አድርግ" አለኝ። ግራና ቀኙን አምታትቼ ነው ያደረግኩት፤ ጣቢያ እስክንደርስ ድረስ አላወቅኩም።

እኔ ከድሮም ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ እስር የሚጽፍ ሰው ሁሉ ጀግና ስለሚመስል ነው።

ወረቀቱ የመጽሔት ጉዳይ ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የሮክ ሙዚቃ መጽሔት ልንጀምር ነበር። የሰማ ሁሉ ይስቅብናል። "ሮክ? እዚህ? ማን ሊያነበው?" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ከመካከላችን ማርኬቲንግ የተማረችው ጓደኛችንም በዚሁ ጥያቄ ነው መቀመጫ ያሳጣችን። "ለወጣቱ ነዋ" ስንላት፣ "ወጣቱ የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም" አለች። "አንድ ሰው ንገሩኝ። ምን ሠርቶ ይበላል? ምን ያናድደዋል? አንብቦ ሲጨርስ ለማን ይሰጠዋል?" የሙያዋ አሠራር ነው፤ አንድ ሰው መርጦ፣ እሱን ብቻ እያሰቡ መጻፍ።

እኛም አንድ ሰው መረጥን። የፈጠራ ሰው አይደለም፤ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። እዚህ ከተማ የኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም ያለው የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሮክ የሚወድ ልጅ ሁሉ ጣቱን ያፍታታው መዝሙር ላይ ነው። እሱም እንደዚያው ነው፣ እሁድ እሁድ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ስሙን አልጻፍንም። ሌላውን ግን ዘረገፍነው። ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ዲግሪ ይዞ ባጃጅ ይነዳል። መሣሪያ የለመደው ቤተ ክርስቲያን ነው። ተሳፋሪ ሲጠራው እንዲሰማ፣ ሙዚቃ የሚያዳምጠው በአንድ ጆሮው ብቻ ነው። በተቀመጠበት አራቱ ጣቶቹ ጉልበቱን ይመታሉ። የሚያናድደው፦ የነዳጅ ሰልፍ፣ ተምሮ ሥራ ማጣት፣ "ከየት ነህ?" የሚል ሰው። አንብቦ ሲጨርስ ለሦስት ጓደኞቹ ያዳርሳል።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውጥረት ላይ ነበር። ሦስት ወጣት አንድ ላይ ከቆመ ሱቅ ይዘጋል። እኛ ደግሞ ግድግዳ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ የተናደደ ወጣት ለሦስት ሰው እንዲያዳርስ ጽፈን እንውላለን። አየህ ሞኝነታችንን።

የገባሁበት ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ሳይሆን አይቀርም። ከሽንቱ ሽታ ሥር የጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና ሽታ ነበረው። ከላይ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሲመታው አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ነው። አዲስ የገባ ሰው ቆሞ ጉዳዩን መናገር አለበት።

"በምን ገባህ?" አለኝ።

"በመጽሔት፣ ጋሼ።"

"ሰርቀህ?"

"ኧረ ገና አልታተመም።"

ትንሽ አሰበበት። "ባልታተመ መጽሔት" አለ ለራሱ። "እሺ፣ እዚያ ጥግ ተቀመጥ።" ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ስለነበር መሳቅ አልቻልኩም።

ከሰዓት መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በሻይ ብርጭቆ ይዞታል።

"ማነው ይሄ?"

"ሰው አይደለም፤ አንባቢ ነው።"

"አንባቢ ሰው አይደለም?"

"ማለቴ... እኛ አስበን የፈጠርነው ነው።"

"የፈጠራችሁት ሰው ጣቱ ጉልበቱን ይመታል?" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "የሚያናድደውን ማወቅ ለምን አስፈለጋችሁ?"

"ሮክ የሚወደው የተናደደ ሰው ስለሆነ ነው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምላሴን መንከስ አማረኝ። እሱ ግን ጻፈው።

"ለሦስት ያዳርሳል። ሦስቱስ?"

ዓይኔን ብርጭቆው ላይ ተከልኩ። አልመታኝም፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ነገ ጠዋት ስሙን ትነግረኛለህ" አለና ሻዩን ጠጣ።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ እዚያ ቆሟል።

የባጃጅ ማቆሚያው ላይ ግርግር ነበር ተብሎ ያገኙትን ሾፌር ሁሉ ለቅመው አምጥተዋል። በእኛ ነገር አልነበረም የመጣው። አየኝ፤ ዓይኑን ወደ ሌላ ሰው አሻገረ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። በየክፍሉ ሰምቶ የሚያደርስ ሰው አይጠፋም ይባላል፣ ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለዓመታት አብሬው የበላሁትን ልጅ፣ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ብዬ፣ አላወቅኩትም።

ካቦው "በምን ገባህ?" አለው።

"ባጃጅ አቁሜ ሰው ስጠብቅ።"

"ተቀመጥ።"

ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ጀመሩ። ወረቀቱን መውሰዳቸውን አያውቅም፤ ስለ ወረቀቱ ራሱ አያውቅም። ዙሪያዬን አየሁ፣ ማን እያየው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ተነስቼ ሄድኩና ጃኬቴን አውልቄ እጁ ላይ ጣል አደረግኩለት።

"በርዶሃል፣ ወንድሜ" አልኩት።

"አልበረደኝም።"

"በርዶሃል" አልኩ።

ለአፍታ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጃኬቱን ወደ ደረቱ ሳበና እጆቹን ከሥሩ ደበቀ።

በማግስቱ መርማሪው እኔን አላስጠራም። ራሱ መጣ፤ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ፣ ሁለት ፖሊስ አስከትሎ። ከበሩ ቆመና ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበልን። መጀመሪያ ላይ የሚሰማ አልነበረም። "ከየት ነህ የሚል ሰው" ሲል ግን አንዱ "እውነት ነው" ብሎ ተነፈሰ። አንድ ከጌጫ የመጣ ገበሬ ጎረምሳ "ባጃጁን ትተን እኔም ነኝ እኮ" አለ፤ ሁሉም ሳቀ። ያን ፍርሃት ውስጥ ሆኜ እንኳ ደስ የሚል ነገር ውስጤ ሽው አለ። ለካ በደንብ ጽፈነዋል።

መርማሪው አልሳቀም። ሾፌሮቹን በሙሉ ወደ መሃል አወጣቸውና በተርታ መሬት ላይ አስቀመጣቸው። "እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ" አለ። ጃኬቴ ከጓደኛዬ እጅ ላይ ወደ ወለሉ ወደቀ። ከዚያ መርማሪው ከኪሱ ስልክ አወጣ። የእኔ ስልክ ነው።

ከስልኬ አንድ ዘፈን ከፈተ፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

ቤዙ ገና ሲገባ የትኛው እንደሆነ አወቅኩ። ጓደኛዬ ማታ ማታ የሚለማመደው ነው፤ እጁ በእንቅልፉም ያውቀዋል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው ጉልበት እያየ ይሄዳል። የጓደኛዬ ጣቶች ሱሪው ላይ ከመጫናቸው ብዛት ነጭ ሆነዋል። ትንሿ ጣቱ ስትንቀጠቀጥ አየሁ። መርማሪው እሱ ጋ ሊደርስ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል።

እንዴት እንደተነሳሁ አላስታውስም። ግድግዳውን ይዤ ነው የቆምኩት።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ዞረ። "ምኑ?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ሰውዬ። ራሴን ነው የጻፍኩት።"

"አንተ ባጃጅ ትነዳለህ?"

"አልነዳም። ግን እመኛለሁ።"

አንዱ ፖሊስ በአፍንጫው ሳቀ። መርማሪው ዘፈኑን ወደ መጀመሪያው መለሰው። "ተቀመጥ" አለኝ። "ምታ እንግዲህ።"

አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ስለ ሮክ እጽፋለሁ እንጂ ምት የሚባል ነገር በእኔ ዘንድ አልፎም አይሄድ። ሰርግ ላይ ሳጨበጭብ ሰው ዞሮ ያየኛል። ያን ቀን ግን፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጉልበቴን መታሁ። ዘፈኑ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ። ሳላቋርጥ መታሁ፤ ካቋረጥኩ ዓይኑ ወደ ተርታው ይመለሳል። የሳቀ አልነበረም። ካቦው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል።

ዘፈኑ አለቀ። መርማሪው ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ይሄ ነው የሙዚቃ መጽሔት የሚያዘጋጀው!" አለ ለፖሊሶቹ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ግን አሁን የተናደደው በእኔ ነበር። ክንዴን ይዘው አስነሱኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮው ውስጥ የሆነውን አልጽፈውም። ስሙን አልተናገርኩም፤ እሱ ይበቃል።

ሾፌሮቹን ሲመሽ ለቀቋቸው። እኔ መልሰው አስገብተውኝ ጥጌ ላይ ተጋድሜያለሁ። ጓደኛዬ ለመውጣት ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ጃኬቴን አለበሰኝና፣ እንደማያውቀኝ ሰው ፊቱን አዙሮ፣ "ቢቱን ገደልከው" አለኝ በሹክሹክታ። ምቱን ማለቱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ካወራነው የምታስቀው ያቺ አባባል ብቻ ናት፤ እኔ ግን ጃኬቴን ፊቴ ላይ ስቤ አለቀስኩ።

እኔን የለቀቁኝ ከብዙ ቆይታ በኋላ ነው፤ ለምን እንዳሰሩኝ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። መጽሔቱ አልታተመም። ማርኬቲንግ የተማረችው ጓደኛችን በዚያ ጠዋት ቴፒ ቤተሰቦቿ ጋ በመሆኗ ተርፋለች፤ ሦስተኛው ጓደኛችንም በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጥቶ ቀረ፤ አሁን ሁለቱም ሌላ ሥራ ይዘዋል። ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ግን አሁንም ባጃጁን ይነዳል፣ እሁድ እሁድም ቤዙን ይጫወታል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከጎኑ ያስቀምጠኝና አንዱን ማዳመጫ ያቀብለኛል። በቀኝ ጆሮዬ ነው የማደርገው፤ የግራው ከዚያን ቀን ወዲህ በደንብ አይሰማም። ወረቀቱ ላይ ከጻፍነው ቢያንስ አንዱ በእኔም ሆኗል።

በቅርቡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈልገውኝ መጡ። የሙዚቃ መጽሔት ሊጀምሩ ነው፤ አንባቢያችን ማን ይሁን ብለው ሊያማክሩኝ። ካፌ ውስጥ ነበርን። ደህናውን ጆሮዬን ወደ እነሱ አዞርኩ፤ ዓይኔ ግን በሩ ላይ ነበር፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደተቀመጠ።

"አንድ ሰው ምረጡ" አልኳቸው። "እውነተኛ ሰው። ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያናድደው አጥብቃችሁ እወቁ።" አንዷ ስልኳን አውጥታ የምለውን መጻፍ ስትጀምር እጄን ስልኳ ላይ አደረግኩ። "ማን እንደሆነ ግን ለእኔም እንዳትነግሩኝ።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩላቸው፤ እጄን ለማንሳት ግን ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።