የባሰ አታምጣ

ከሥራ ወጥቼ ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ «ባድ፣ ወርስ፣ ወርስት» እያለች ታጠናለች። በዚያ ድካሜ ላይ የልጅነቴ ቤት ትዝ አለኝ።

እናቴ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን ከወትሮው ቀደም ብላ ገባች። ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ የእንግሊዝኛ ፈተና ስለነበረብኝ እነዚያኑ ቃላት ጮክ ብዬ አነብ ነበር።

«ምን ማለት ነው እሱ?» አለችኝ።

«መጥፎ፣ የባሰ፣ ከሁሉም የባሰ።»

«ኧረ የባሰ አታምጣ!» ብላ አማተበች። «ሦስተኛውን እዚህ ቤት አትጥሪብኝ፣ የኔ ልጅ። በሆድሽ አንብቢው።»

ለምን እንደሆነ ባይገባኝም «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት፤ ጥሩ፣ የተሻለ፣ ከሁሉም የተሻለ» ወደሚለው አለፍኩ። «እሱን ድገሚልኝ» አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማኝ ቆየች። ያን ቀን ከሥራ መቀነሷን ያወቅሁት፣ ቤቱን ለቀን ፉሪ አንዲት ጠባብ ክፍል ከተከራየን በኋላ ነው።

ሚኒባሱ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ። ሳል ጠንቶባት አልጋ ለያዘችው እናቴ ደወልኩላት።

«እንዴት ዋልሽ፣ እማዬ?»

«ተመስገን፣ ዛሬ ይሻለኛል» አለችኝ። ትናንትም ያለችኝ ይህንኑ ነው።