ውሃ ልክ የያዙት አናጢ

ዝናቡ ባያስገድዳቸው ኖሮ አናጢው የፎቶ ቤት ደጃፍ አይረግጡም ነበር። ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ፎቶ አንሺዋ ወንበር ብታቀርብላቸው መቀመጡን ትተው ከኮት ኪሳቸው ውሃ ልክ አወጡና ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፍሬም አናት ላይ አጋደሙት። አረፋዋ ወደ ጎን ሸሸች።

«ይቺ ዘመም ብላለች፣ የኔ ልጅ።»

«ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ውሃ ልኩ ግን አብሯቸው ያድራል፤» አለች ልጅየዋ እየሳቀች።

ፎቶ አንሺዋ ጨዋታ አትጠግብምና ዝናቡ እስኪያባራ ብዙ ሰማች። አርባ ዓመት በርና መስኮት ሠርተዋል። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ልክ» ይላቸዋል። አንዴማ የጎረቤት በር በጣት ስፋት ዘመመብኝ ብለው፣ ባለቤቱ «ተወው፣ ይሁን» እያለ እየለመናቸው ነቅለው እንደገና ሠርተውታል። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ግን እሳቸው ራሳቸው ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎቶ የሚባል ነገር እርም ብለዋል። ልጅየዋ ደግሞ ከነገ ወዲያ ለሥራ ራቅ ወዳለ ከተማ ትሄዳለች። ከአባቷ ጋር የተነሳችው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ።

«አንድ ብቻ፣ አባባ። በሞቴ!»

«የተጣመመ መቃን ተሸክመሽ ልትዞሪ?»

ልመናው ሲበዛባቸው እሺ አሉ። ፎቶ አንሺዋ መጋረጃው ፊት ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸው፤ በግራ ጎናቸው ትራስ ወሸቀች፤ ሌላም ደገመች። የሰውዬው ፊት ጠቆረ።

«እንደሚሰበር ዕቃ ጠቀጠቅሽኝ እኮ! ልጄ፣ እንሂድ።»

ፎቶ አንሺዋ ደነገጠች። ስህተቷ ያኔ ገባት፦ ቀጥ ባለ ወንበርና ቀጥ ባለ መጋረጃ መሃል የእሳቸው ማዘንበል ብቻውን እንደ ጥፋት ጎልቶ ይታይ ነበር።

«አባቴ፣ አንዴ ብቻ ይታገሱኝ።»

ወደ ፎቁ በሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ላይ ያለ ትራስ አስቀመጠቻቸው። ልጅየዋን በግራቸው በኩል አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋ እጇን በአባቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። በካሜራው ስታይ የደረጃው መደገፊያ ከታች ከግራ ጥግ ተነስቶ ወደ ላይ ቀኝ ጥግ ሰያፍ ይወጣል፤ የሰውዬው ወገብም፣ አንገታቸውም፣ የልጅየዋም ክንድ በዚያው መስመር ይሄዳል። አባትየው አሁን የሚያዘነብሉት ወደ ልጃቸው ነው።

አነሳችና አሳየቻቸው። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ውሃ ልኩን ግን አላወጡትም።

«ላጥበው ወይስ ላጥፋው?» አለች ፎቶ አንሺዋ ፈራ ተባ እያለች።

«እጠቢው። ሁለት አድርጊው፤ አንዱ የኔ ነው።»

ዝናቡ አባርቶ ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ።

«የጣውላ በር ከጀርባው አንዲት ሰያፍ እንጨት ካልተመታችበት በራሱ ክብደት ይወርዳል። አርባ ዓመት ስመታት ኖሬ ረሳኋት፣ አየሽ!» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ያቺን ፍሬም ግን አቃኚያት። እሷስ የምሯን ነው የዘመመችው።»