በቀስታ የሚበጠበጥ ቀለም

ቀለም አፍስሶ መሣልን የተማርኩት ከስልኬ ነው። ብሩሽ የለ፣ ንድፍ የለ፤ የቀጠነ አክሪሊክ ቀለም ሸራ ላይ አፍስሶ፣ ሸራውን ወዲህ ወዲያ እያዘነበሉ ቀለሙን በፈለገበት እንዲሄድ መልቀቅ ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኔም መስሎኝ ከአየር ጤና ቀለሜን ገዝቼ ገባሁና፣ የግድግዳ ቀለም እንደሚያቀጥን ሰው ውኃ ቸለስኩበት። በማግስቱ ሥዕሌ በጋ የመታው ጭቃ መስሎ፣ ተሰነጣጥቆ ጠበቀኝ።

በዚያ ሰሞን የባለቤቴ ታላቅ እህት ከአስኮ መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ስትሮክ መትቷቸው፣ እግራቸው ቢመለስም ቀኝ እጃቸው ደክሞ ቀርቷል። ሐኪሙ ጨምቁት ብሎ የሰጣቸውን የጎማ ኳስ ግን አልነካም አሉ።

"በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ልጫወት?"

ኳሱ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። እትዬ ሰው መሸሽ ጀመሩ። በር ሲንኳኳ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ። ቤተ ክርስቲያን ቀሩ፣ ለቅሶ ቀሩ። አንድ ቀን ብጨቀጭቃቸው፣ "ሰው እጁን ሲዘረጋልኝ ምን ልስጠው? ግራዬን ሰጥቼ አሳዳጊ የበደላት ልባል?" አሉኝ። ቀኛቸው ነጠላቸው ሥር ተደብቋል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቀለሜን ልበጠብጥ ተቀመጥኩ። ውኃ ብቻ መጨመሩን ትቼ፣ ነጭ ኮላ በጥቂት ውኃ አላልቼ ከቀለሙ ጋር ማዋሃድ ጀምሬያለሁ። ኮላው ቀለሙን አያይዞ ከመሰንጠቅ ያድነዋል። በቃ ደረሰ የሚባለው ከመበጥበጫው እንጨት ላይ ሳይቆራረጥ እንደ ሞቀ ማር ሲወርድ ነው። የእኔ ጠላት ግን ችኮላዬ ነበር። እንቁላል እንደምመታ ስመታው አረፋ ይሞላል፤ አረፋው ሸራው ላይ ሲደርቅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል።

እትዬ ከሶፋው ላይ ሆነው ያዩኛል።

"ቀለሙ ምን በደለሽ?"

"እንዴት እትዬ?"

"ትደበድቢዋለሽ እኮ! ቀስ አትይም?"

"ቀስ ማለት አልፈጠረብኝም። እስቲ እርስዎ ይሞክሩት።"

የቀለሙን ኩባያ በግራቸው አስያዝኳቸውና መበጥበጫዬን የአይስክሬም እንጨት ወደ ቀኛቸው አቀረብኩ። ገላመጡኝ። ኩባያውን እንዳያስቀምጡት ጠረጴዛው በሸራ ተይዟል።

"ተንኮለኛ!" አሉና ቀኛቸውን ከነጠላው ሥር አወጡት።

እንጨቷ ወደቀችባቸው፤ አነሳሁላቸው። እንደገና ወደቀች። ከዚያ መዞር ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ እየቆመች፣ ደግሞ እየዞረች። ላግዝዎት ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ኩባያውን ባየው አንድም አረፋ የለበትም።

"እትዬ! እኔን ሲያንገበግበኝ የከረመው ይኸው!"

"አትጩኺ፣ ይረበሻል" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከኩባያው ሳይነቅሉ።

ከዚያ ወዲህ መበጥበጡ የእሳቸው ሥራ ሆነ። እኔ ኮላና ውኃውን አቀርባለሁ፤ እሳቸው "ወፈረ፣ ጠብ አድርጊበት" እያሉ ያማርራሉ። እጃቸው እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሽም። እንጨቷን ግን አይጥልም።

አንድ ቀን አረንጓዴውን ሲበጠብጡ፣ ሳያንኳኩ ሰተት ብለው የአስኮ ጎረቤታቸው ገቡ። እትዬ ወደ ጓዳው በር አዩ፤ ኩባያው ጭናቸው ላይ ነው፣ የት ይሂዱ?

"እንዴት ነሽ እቴ!" ብለው ሴትዮዋ እጃቸውን ዘረጉ።

እትዬ በቀለም የተለወሱ ጣቶቻቸውን አዩ። ከዚያ ሊጥ ስታቦካ እንግዳ እንደደረሰባት ሴት ሁሉ፣ መዳፋቸውን ወደ ታች ደፍተው የቀኝ እጃቸውን አንጓ አቀረቡ።

"ይቅርታ እቴ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው።"

ጎረቤታቸው አንጓቸውን ጨብጠው ጉንጫቸውን ደጋግመው ሳሙ። "ደግሞ አሁን የምን ሥራ ነው?"

"ቀለም ማቅጠን። ተቀመጪ፤ ጠረጴዛውን ግን እንዳትነኪብኝ።"

ጨዋታው ደርቶ፣ እንግዳዋ ለመሄድ ሲነሱ ማስታጠቢያ ይዤ ወደ እትዬ ጠጋ አልኩ። እጃቸውን ሸሸት አድርገው በጆሮዬ ሹክ አሉኝ፦

"ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ ልሰናበታት!"