ሳንነካት ያየናት ጀልባ

ሐሙስ ንጋት፣ ባቲ

ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ ሾፌሩ ሰዒድ መኪናዋን አሙቆ ይጠብቀኛል። ኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ቢጫ ሣጥን ከጅቡቲ ይዤው የመጣሁት የውኃ ውስጥ ካሜራ ነው። እዚያ ወደብ ላይ የባሕር ወለል ካርታ እያነሳሁ መኖር ከጀመርኩ ቆየሁ። መርከብ እንዳይጋጭ ከሥር ያለውን ማየት ነው ሥራዬ። አሁን የምፈልገው ግን የራሴን ሰው ነው።

የአባቴ አክስት እማማ ዘሀራ ልጅ ሳሉ፣ ታላቅ ወንድማቸው ሙሄ ከገበያ ሲመለስ ሐይቅ ውስጥ ሰጠመ። ጀልባዋ ጣሊያን ትቷት የሄደ የብረት ጀልባ ነበረች፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ተሳፍሮባት ነበር። እሷም ሰዎቹም እንደወጡ ቀሩ። መቃብር የሚዘይር ሰው ለሟቹ ሰላምታ ያቀርባል። እማማ ዘሀራ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ «ወዴት ዞሬ ሰላም ልበለው?» እንዳሉ ነው።

ደጋን ከተማ ላይ ፉል በላን፤ ፓፓያም ገዛን፣ ዋጋው ካምናው እጥፍ ሆኗል። ኬላው ላይ ፈታሹ ሣጥኑን አስከፈተና ሁለት መብራት እንደ ዓይን የተገተረበት ነገር ሲያፈጥበት ወደ ኋላ አለ። ፈቃዱን ሰጠሁት። ቅርስ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት የጻፈው ነው፤ የሰጠመች አሮጌ ጀልባ ቅርስ ስለሆነች ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ መንካትም ማውጣትም ክልክል ነው ይላል።

«ካላወጣችኋት ምን ትጠቀማላችሁ?» አለ ፈታሹ።

«አንተስ ፈትሸህ ካልወሰድክ ምን ትጠቀማለህ?» አለው ሰዒድ።

ሳቀና ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ደሴ

ኮምቦልቻ ሙቀትና የከባድ መኪና ሰልፍ ነው። ጠመዝማዛውን ዳገት ስንወጣ መስኮቱን ዘጋን፤ ደሴ ስንገባ ሹራቤን አወጣሁ። ጉሙ የጦሳን ተራራ ሸፍኖታል።

እማማ ዘሀራ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታቸው በር ላይ ጉንጬንም ግንባሬንም ሳሙኝ። ፈቃዱን ዘርግቼ ማህተሙን አሳየኋቸው። ደስ አላቸው፣ ግን አልበቃቸውም። «ማህተሙ የአዲስ አበባ ነው፤ ሙሄ ግን የኛ ነው» አሉና ከሆጤ ሰፈር ሸኽ ኑሩን አስጠሩ። ሸኹ ካልፈቀዱ ጀልባ ላይ አልወጣም ብለዋል።

ሸኽ ኑሩ ካሜራውን ዙሪያውን አዩት፣ ኬብሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት፣ ከዚያ ተቀመጡ።

«ቀብር መዘየር ይፈቀዳል፤ መክፈት አይፈቀድም። ያንቺ መሣሪያ ይዘይራል ወይስ ይከፍታል?»

አብርቶ ከማየት ሌላ ሥራ እንደሌለው ነገርኳቸው። ምን ያህል እንደሚጠጋ ጠየቁኝ። አንድ ክንድ ያህል ርቆ እንደሚቆም ተናገርኩ።

«በጥፍርም እንዳይነካ።»

እኔ በቀላሉ የምምል ሰው አይደለሁም። እማማ ዘሀራ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። «ወላሂ አይነካም» አልኩ።

ከክርስቲያኖቹ ወገን ማንን እንደጠየቅሁም ሳይጠይቁኝ አላለፉም። ሐይቅ ከተማ ያሉት ቄስ፣ አባ ተክሌ፣ በስልክ ይህንኑ ቃል አስገብተውኛል፤ ቅዳሜ ዳር ላይ ይጠብቁናል። ሸኹ ይህን ሲሰሙ ዱዓ አደረጉ፤ አሚን አልን።

ቅዳሜ፣ ሐይቅ

ትናንት ከጁምዓ በኋላ ሶናሩን በሐይቁ ላይ ስጎትት ዋልኩ። ድምፅ ይልክና ተመልሶ በመጣለት ድምፅ የወለሉን መልክ ይስላል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የጫማ ቅርጽ ያለው ጥላ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ዛሬ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተከራይተን እማማ ዘሀራን ይዘን ወደዚያው ሄድን። ነጠላቸው ላይ ብርቱካናማ ሕይወት አድን ጃኬት ደርበዋል።

«እማማ፣ ትራፊክ ፖሊስ መሰሉ እኮ» አላቸው ሰዒድ።

«እንግዲያ መንጃ ፈቃድህን አውጣ።»

ቢስሚላህ ብዬ ካሜራውን ለቀቅሁት፤ ሰዒድ ኬብሉን ይዟል። ስክሪኑ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ። ቁጥሩን ሳይ ግን አወራረዱ ፈጠነብኝ። በድንገት የብረት ጠርዝ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ካሜራው ቁልቁል ወደሱ ይሄዳል።

«ሳብ፣ ሰዒድ!»

በሁለት እጁ ሳበው። ጠርዙ ከስክሪኑ ጠፋ። ልክ የሸኹ እጅ ትከሻዬ ላይ ያለ ያህል ተሰማኝ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የባሕር ጨው ዕቃን ወደ ላይ ስለሚገፋ፣ ካሜራው እንዲረጋ ሆዱ ሥር የእርሳስ ክብደት እናስራለን። ይህ ውኃ ጨው የለውም፤ ያን ያህል አይገፋም። እኔ የጅቡቲውን እርሳስ እንዳለ ይዤ ነው የመጣሁት። ካሜራው እንደ ድንጋይ የወረደው ለዚህ ነው።

«ጠፋ?» አሉ እማማ ዘሀራ። ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ።

«አልጠፋም፣ አብሽሩ። እኔ ነኝ ያከበድኩበት።»

ጀልባ ነጂው ነፋሱ ሊነሳ ነው፣ ሌላ ቀን ይሁን አለ። ብቸኩል የማልኩትን አፈርሳለሁ፤ ብመለስ ደግሞ እኚህን ሴት ሌላ ቀን ማን ይሰጠኛል? ከእርሳሱ ቀነስኩ፣ ጀልባችን ጎን ውኃው ላይ አስቀምጬ ሞከርኩት፣ እንደገና ቀነስኩ። በመጨረሻ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም ቀጥ አለልኝ፤ ያን ጊዜ አወረድኩት።

ልክ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጀልባዋን እስከ ወገቧ ጭቃ ውጧታል። ትናንሽ ዓሦች በመብራቱ ፊት ያልፋሉ። ከአፍንጫዋ ላይ የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ይታያል።

እማማ ዘሀራ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩት። «በዚህ በኩል አቅፎ አሳፍሮኛል አንድ ቀን። ይኸን ቀለበት ያዢ ብሎኝ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከስክሪኑ ዓይናቸውን አንስተው ወደ ውኃው ዞሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሙሄ።»

ወደ እኔ ዞረው ጠየቁኝ፤ «ይኸ ነገር ድምፅ ያወርዳል?»

«አያወርድም እማማ። መብራት ብቻ ነው።»

«እንግዲያ መብራቱን ትንሽ አቆዪለት።»

ነፋሱ ጀልባችንን ማወዛወዝ እስኪጀምር አቆየሁለት።

ዳር ስንደርስ አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ለክርስቲያኖቹ ፍትሐት ሊያደርሱ ነው፤ ውኃው ግን ሰፊ ነው፣ ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ይላል። ቦታውን ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እማማ ዘሀራ ቀደሙኝ። ብርቱካናማ ጃኬታቸውን እንደለበሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባ፣ ወደዚህ ይዙሩ» አሉ።