ከነድንጋያቸው

ፎቶ አንሺዋ ማርዋ ያነሳችው ያ ትልቅ ፎቶ አሁን ዳላስ አጠገብ ካሮልተን የሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የዳላስና የፎርት ዎርዝ ራፐርና ዲጄ ሁሉ፣ ጥቁሩም ሜክሲኮውም ሐበሻውም፣ አንድ የድሮ መጋዘን ደረጃ ላይ ተደርድሮ የተነሳው ፎቶ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ግን መሀል ላይ ድንጋይ አንገታቸው ላይ ጭነው ወዳጎነበሱት ሁለት ጎረምሶች ነው። አንዱ "ስታይል ነው" ይላል። ሌላው "ትርጉም ይኖረዋል" ብሎ ይፈላሰፋል። ሻዬን እየጠጣሁ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በፎቶው ቀኝ ጠርዝ የአንድ ሰው ክንድ ብቻ ይታያል፤ ክንዱ ላይ ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል። ስለዚያ ክንድ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

ክንዱ የፈክረዲን ነው። ደሴ ጎረቤታሞች ነበርን፤ እሱ አይሱዙ ይነዳ ነበር፣ እኔ ጫማ እነግድ ነበር። ሚስቱ ዘሀራ ዲቪ ደርሷት መጡና ከዳላስ ኤርፖርት አጠገብ ያለችው ዩለስ ገቡ። እሱ ኤርፖርት ውስጥ መንገደኛ ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። እሷ ተርሚናሉን ታጸዳለች። አያቱ ወሎ ውስጥ ስማቸው የተጠራ አበጋር ነበሩ፤ ደም የሚያደርቁ፣ ገዳይንና የሟችን ወገን አንድ ማዕድ ላይ የሚያስቀምጡ። ፈክረዲን ከአያቱ መሬት አልወረሰም፣ ይህን ግን ወርሷል። ከሌዊስቪል እስከ ዩለስ የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ ሱቅ በሽርክና ከፍቶ የተካካደ ጓደኛ፣ እስላምም ይሁን ክርስቲያን፣ ስልኩን ያውቀዋል።

ሲያስታርቅ አንድ ዘዴ አለው። ሰው ቤት ገብቶ አይቀመጥም። "እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም" ይልና ወገቡን እያሸ ይቆማል። እንግዳ ቆሞበት ማን ያስችለዋል? ወገቡን እንደሚያመው እውነት ነው፤ የሚያሸው ግን ሲያስታርቅ ብቻ ነው። ይህን ሁላችንም እያወቅን እንሸነፍለታለን። እኔንና ባለቤቴንም ሁለት ጊዜ አስታርቆናል። በሁለተኛው ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ ይሁን፣ አልፏል።

ታዲያ ሌላውን ሁሉ የሚያስታርቅ ሰው የራሱ ተራ ደረሰ። ልጁ ጦልሃ ራፕ ይሠራል፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን እንደ ጠባብ ጫማ በግድ የሚያጠልቅ ልጅ ነው። ከያብስራ ከሚባል የካሮልተን ራፐር ጋር በዘፈን ይሰዳደቡ ጀመር። እኛ የልጆች ነገር ነው ብለን ናቅነው። በኋላ ያብስራ አንድ ዘፈን አወጣ። "ንጉሥ ነኝ ትላለህ፣ እናትህ ኤርፖርት ሽንት ቤት ትጠርጋለች" ይላል። አንድ ሠርግ ላይ ዲጄው ይህንኑ ከፈተውና ጎረምሳው ሁሉ እየዘለለ ተቀበለው። ዘሀራ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ወጣች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሥራ ስትወጣ በዩኒፎርሟ ላይ ረጅም ግራጫ ኮት ትደርብ ጀመር። የቴክሳስ ሐምሌ ነው! አስፋልቱ ጫማ የሚያቀልጥበት ወቅት። የዩለስ ሐበሻ ግማሹ የሚሠራው ኤርፖርት ስለሆነ መንገድ ላይ ዩኒፎርሟን እንዳያዩባት ነው። ፈክረዲን ኮቱን አየ፣ ምክንያቱም ገባው፣ እሷን ግን አልጠየቃትም። ሁሉን ሰው "ምን ሆነህ ነው?" የሚል ሰው በገዛ ቤቱ አፉ ተሳሰረ። ቁጣውን ወደ ያብስራ አዞረና "ልጄ ከዚያ ባለጌ ጋር አንድ ጥላ ሥር አይቆምም" ብሎ ማለ።

የማርዋ ፎቶ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ማርዋ ሠርግ እያነሳች የምትተዳደር ልጅ ናት። የከተማውን የሂፕሆፕ ሰው በሙሉ፣ በካሴት ዘመን ከመኪናው ኋላ ሙዚቃውን ይሸጥ ከነበረው ሽበታም ጀምሮ፣ አንድ ፎቶ ላይ ልታሰባስብ ዓመት ሙሉ ለፍታለች። ሁሉም እሺ ብሏታል። የቀራት ጦልሃ ነው።

"ጋሽ አሻግሬ፣ እባክዎ እርስዎ ይሂዱልኝ" አለችኝ። "አሜሪካኖቹን አንድ አድርጌ የእኛን ልጆች ሁለት ላድርጋቸው? ሪሊ ያሳፍራል።"

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ዩለስ ሄድኩ። ፈክረዲን በሩን ከፍቶ ሲያየን ወዲያው ገባው።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አለ።

"ካልሰማኸን አንቀመጥም" አልኩ።

"እንግዲያው ቁሙ። ይህችን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ።"

ቆምን። አንዱ ሽማግሌ ወገቡን ማሸት ሲጀምር ፈክረዲን "ያንተ ደህና ነው፣ ተወው" አለው። "ልጅ ያጠፋል…" ብዬ ስጀምር "'…ትልቅ ይቅር ይላል' ልትል ነው" ብሎ ጨረሰልኝ። ምን ይዘን እንሂድ? ቀዳዳ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ቤት ሰርቆ መውጣት አይቻልም።

ይህን ጊዜ ጦልሃ ከጓዳ ወጣ። እሳት ያጠፋ መስሎት ቤንዚን ይዞ መጣ።

"አባዬ፣ ስማኝ። ማለቴ፣ ሪል ቢፍ፣ የእውነት ጠብ አይደለም። ያብስራ ቤስት ፍሬንዴ ነው። ሰው ቢፍ ይወዳል፣ ሶ አብረን ነው ፕላን ያደረግነው። ያቺን የዘፈኑን ላይን ራሱ እኔ ነኝ የሰጠሁት።"

"የትኛዋን?"

"የማሚን።"

ዘሀራ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ልጇን አየችው፤ እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። ኮቷን ከወንበር ላይ አንስታ ለበሰችና ወደ ሥራ ወጣች።

ፈክረዲን ልጁን ይመታዋል ብዬ ተጠጋሁ። እሱ ግን ሶፋው ላይ ዘጭ አለ።

"ለካ ባለጉዳዩ እኔ አይደለሁም" አለ። "እሷን ሳልጠይቅ እኔ ስቆጣላት ከረምኩ።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ያንን ጓደኛህን ጥራው። ድንጋይ ፈልጉ።"

"ዋት ድንጋይ?"

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ በተበዳዩ ፊት እንደሚቆም አስረዳው። ተበዳዩ ይቅር ሲል ብቻ ነው ድንጋዩ የሚወርደው።

"አንተ ለምንልኝ" አለ ልጁ።

"አልለምናትም። እኔ ከለመንኳት ለእኔ ስትል ይቅር ትላለች፣ ቂሙ በሆዷ ይቀራል። እምቢ ካለችም መብቷ ነው።"

ስንቱን ሰው ለምኖ ያስታረቀው ሰው ነው እንዲህ የሚለው።

እሑድ ጠዋት ሁሉም መጋዘኑ ደረጃ ላይ ተሰበሰበ። ማርዋ መሰላል ላይ ወጥታ "እዚህ ጠጋ፣ ኮፍያህን ቀና" ትላለች። ፀሐዩ ይጋረፋል። ፈክረዲን ዘሀራን ከሌሊት ሥራዋ ተቀብሎ በቀጥታ አመጣት፤ "ጦልሃ ፎቶ ይነሳል" ከማለት ሌላ አልነገራትም። ኮቷ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

ሁለቱ ልጆች ከሕንጻው ጀርባ ብቅ አሉ። ከአፓርታማቸው የአበባ መደብ የነቀሉት ነጭ ድንጋይ አንገታቸው ላይ አለ። በማን ፈቃድ እንደነቀሉት አልጠየቅኩም። ደረጃው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ አንዳንዱም ስልኩን አወጣ። ልጆቹ ግን ቀጥ ብለው መጥተው ዘሀራ ፊት አጎነበሱ።

"ማሚ፣ አጠፋሁ" አለ ጦልሃ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"እኔም ነኝ የዘፈንኩት፣ እማማ" አለ ያብስራ።

ያ የካሴት ዘመን ሽበታም ራፐር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። "እናቱን በዘፈን አሰድቦ ይቅርታ እየጠየቀ ነው" አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ። "የእኔ እናት ሞተች እንጂ እኔም አንድ ድንጋይ ነበረብኝ" አለ። እሱ ሲያወልቅ ሌሎቹም አወለቁ። ሳቁ ጠፋ።

ዘሀራ ድንጋዮቹን ተራ በተራ አየች። እኔ ባሏን አየሁት፤ "በቃሽ፣ ለእኔ ስትይ" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ፈክረዲን መሬት መሬቱን እያየ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ወገቡንም አላሸም።

"ዘፈኑን ሰው ሁሉ ሰምቶታል" አለች ዘሀራ በመጨረሻ። "ድንጋዩንም ሰው ሁሉ ይየው። ሂዱና ፎቶውን ከነድንጋያችሁ ተነሡ።"

ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ ደረጃውን ወጡና መሀል ላይ አጎንብሰው ቆሙ። ማርዋ መሰላሉ ላይ እያለቀሰች ካሜራውን አስተካከለች። ዘሀራ የኮቷን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ፈታች፣ አወለቀችው፣ ለባሏ ሰጠችው። ስሟ ደረቷ ላይ በተጠለፈበት ሰማያዊ ዩኒፎርሟ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጇን አጣምራ ልጇ ፎቶ ሲነሳ አየች።

ፎቶው እንዳለቀ ደረጃውን ወጥታ ድንጋዮቹን በገዛ እጇ አወረደች። "ይቅር ብያለሁ" አለች፣ መጀመሪያ ለያብስራ፣ ቀጥላ ለልጇ። የጦልሃን አንገት ድንጋዩ አቅልቶት ነበር፤ እንደ ሕፃን አሸችለት። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል።

በኋላ ፈክረዲን ማርዋን ክንዱን ከፎቶው ላይ እንድትቆርጠው ለመናት። "እኔ ምን ቤት ነኝ" አለ። ዘሀራ ናት እምቢ ያለችው።

ኮቱ አሁንም አለ። ዘሀራ የምትለብሰው ሲበርድ ብቻ ነው።