እሜቴ ካልሲና የአርባ ኪሎ ሜትሩ ጉዞ

በማሰልጠኛው ግቢ ከአዛዡ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም ከኋላዋ «እሜቴ ካልሲ» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን «ሃምሳ አለቃ» ነች። ስሙን ያወጣላት አንድ ወሬኛ ምልምል ነው። አሞኛል ብሎ ክሊኒክ የመጣውን ሁሉ፣ ራሱንም ይመመው ሆዱን፣ መጀመሪያ «እስቲ ካልሲህን አሳየኝ» ትለው ስለነበር ነው። ስሙ ጆሮዋ ሲደርስ አልተቆጣችም። «እሜቴ መርፌ ከመባል ይሻላል» ብላ አለፈችው።

አባቷ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ከትምህርት ቤት መልስ ከሥራ ወንበራቸው አጠገብ ተቀምጣ ሚስማር ስታቀብል ነው ያደገችው። ያለቀ ጫማ ገልብጣ አይታ ባለቤቱ በየትኛው እግሩ እንደሚያዘነብል ትናገር ነበር። «አዲስ ጫማና አዲስ ጎረቤት ቀስ ተብሎ ነው የሚለመደው» ይሉ ነበር አባቷ፣ በጠበበ ጫማ እያነከሰ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ።

ይህን እያወቀች ግን ምልምል በነበረች ጊዜ የገዛ እግሯን አልጠበቀችም። በሁለተኛው ረጅም ጉዞ ተረከዟ ውሃ ቋጠረ። ሴት ስለሆነች ነው እንዳይሏት ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች። ሠፈር ስትገባ የቋጠረውን ቆዳ በጥፍሯ ገሽልጣ ጣለችው፤ በማግስቱም ያንኑ ያልታጠበ ካልሲ አጥልቃ ወጣች። በአራተኛው ቀን እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ሆስፒታል ገባች። አርባ ቀን ተኛች። አብረዋት የገቡት ተመርቀው ሲበታተኑ እሷ አልጋ ላይ ነበረች። ቁስሏን የምታጥብላት አሮጊት ነርስ «ልጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለቻት። ነገሩ ተረት ቢሆንም እዚያ አልጋ ላይ ሆና ስትሰማው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ከሆስፒታል እንደወጣች ወደ ሕክምና ክፍል እንዲያዛውሯት አመለከተች።

ሥራ በጀመረች በአሥራ ሰባተኛው ዓመት አዲስ ሻምበል ተሾመ። ቁጥብ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ሳቁ እንደ ሐምሌ ፀሐይ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚል ሰው ነው። በዚያው ሰሞን የምልምሎቹ ከስክስ ጫማ መጓጓዣ ላይ ዘግይቶ፣ የአርባ ኪሎ ሜትሩ ጉዞ አምስት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ሰማንያ ስድስት ጥንድ፣ ቆዳው እንደ ጣውላ የደረቀ። እሜቴ ካልሲ አንዱን በእጇ አጥፋ ሞከረችው፤ አልታጠፍም አላት። ይዛው በቀጥታ ወደ ሻምበሉ ቢሮ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ይህ ጫማ ገና እግር አልለመደም። ጉዞው ሁለት ሳምንት ቢገፋልን።»

ሻምበሉ ከወረቀቱ ቀና አለ። «ሃምሳ አለቃ፣ ጠላት ጫማችሁ እስኪለሰልስ ልጠብቃችሁ አይልም።»

«አይልም ጌታዬ። እግሩ የተላጠ ወታደርም ግን ጠላት ዘንድ አይደርስም።»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም። «ቀኑ አይለወጥም» አለ። «ከዚያ በመለስ ያለውን እንደምታውቂ አድርጊ።»

ሌላ ፈቃድ አልፈለገችም። በዚያው ቀን ምልምሎቹን ሰብስባ፣ ጫማውን አድርገው እንዲበሉ፣ ግቢ እንዲጠርጉ፣ አልጋቸው ጫፍ ላይም እንዲቀመጡ አዘዘች፤ መጀመሪያ አንድ ሰዓት፣ በማግስቱ ሁለት ሰዓት፣ እያለ እንዲጨምር። የእግር ጥፍር ቀጥ ብሎ ተቆረጠ። ቀጭኑ ካልሲ ከሥር፣ ወፍራሙ ከላይ። «ሁለቱ ካልሲዎች እርስ በርሳቸው ይፋተጉ፤ ቆዳችሁን ለቀቅ ያድርጉት» አለቻቸው። መለወጫ ካልሲ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ የጀርባ ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ።

ከመካከላቸው ጎሽ የሚሉት አንድ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ወታደር ከመሆኑ በፊት የገበያ ጫኝና አውራጅ ነበር። እግር ላይ የሚቀባ ቫዝሊን ስታድል እጁን ወደ ኋላ አደረገ።

«የኔ ይቅር፣ ሃምሳ አለቃ። እኔ በባዶ እግሬ ኩንታል ተሸክሜ ያደግኩ ነኝ። እግሬ ጎማ ነው።»

«ጎማም ይፈነዳል» አለችና መዳፉ ላይ ጣል አደረገችለት።

ጉዞው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሙሉ ትጥቅ ተይዞ ተጀመረ። በመጀመሪያው እረፍት ሁሉንም ጫማ አስወለቀቻቸው፤ እግር ይንፈስበት፣ ላብ ይጠረግ። «ያቃጠለው እጁን ያውጣ» አለች። አሥራ አንድ እጅ ወጣ። የጎሽ እጅ አልወጣም። እሷ ግን ከኋላ ስትከተለው የቀኝ እግሩን በውጨኛው ጠርዝ እየረገጠ እንደነበር አይታለች። ፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ምንም አልሆንኩም» አለ።

«መቼ ጠየቅኩህ? እግርህን ወዲህ በል።»

ተረከዙ በርበሬ መስሏል፤ ውሃ ግን ገና አልቋጠረም። አድርቃ፣ ፕላስተሩን አንዲት ሽብሽብ ሳታስቀር ለጠፈችለት። «ሳይቃጠል በቅጠል ሲሉ አልሰማህም?» ጎሽ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ግን በየእረፍቱ መጀመሪያ እግሩን የሚያየው እሱ ሆነ፤ የጎረቤቶቹንም ጭምር።

ፀሐይ ስትከር የቋጠሩት ብዛት አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ትንንሾቹን አልነካችም፤ ጫማው እንዳይጫናቸው ዙሪያቸውን በወፍራም ጨርቅ ከበበች። መራመድ የከለከሉትን ትልልቆቹን ብቻ አጥባ፣ በአልኮል በጸዳ መርፌ ጠርዛቸውን ወግታ ውሃውን አፈሰሰች፤ ቆዳውን እንዳለ አስተኝታ ሸፈነችው። አንዱ ሊገሽልጠው ሲል እጁን ያዘችው። «ተወው፤ ከሱ የተሻለ ፋሻ እኔም የለኝም።»

የሰው እግር ስታይ የራሷን ጫማ አንዴም አላወለቀችም። መለወጫ ካልሲዋንም ወንዝ ሲሻገር ለተንሸራተተ ልጅ ሰጥታዋለች። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሲያልፉ ውስጥ እግሯ ይለበልባት ጀመር። ዝም አለች። ለራሷም «ጥቂት ነው የቀረው» አለች።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እያነከሱ ነው» አለ ጎሽ ከጎኗ።

«ዝም ብለህ ተራመድ።»

ጥቂት እርምጃ ሄዱ። «ካልሲዎን ያሳዩኝ» አላት።

ከኋላ ያሉት ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። ቁጣ ፊቷ ላይ ወጣ፤ ከዚያ እፍረቱ መጣ። አርባ ቀን የተኛችበት አልጋ ድቅን አለባት። ዳር ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ክሩን ፈታች። የሳንቲም ያህል የሰፋ ውሃ ቋጥሯል። ጎሽ በዚያ ኩንታል ባሻከረው እጁ፣ እሷ እየነገረችው፣ አጠበ፣ ወጋ፣ አደረቀ፣ ሸፈነ። እጁ እንዲህ ይቀልላል ብላ አላሰበችም። የራሱንም ደረቅ ካልሲ ከፌስታሉ አወጣላት።

ሰልፉ ለምን እንደቆመ ሊያይ የመጣው ሻምበል የሃምሳ አለቃዋን እግር ምልምሉ ጭን ላይ አገኘው። ሰዓቱን አየ።

«ስንት ቀርቶናል?»

«ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጌታዬ።»

«ሁሉም ይቀመጥ። ሃያ ደቂቃ። ጫማ ይውለቅ።» እሱም ራቅ ብሎ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጥቷቸው ክሩን ፈታ። እግሩ እንዴት እንደነበር ለማንም አልተናገረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ከሰማንያ ስድስቱ ሰማንያ አራቱ በእግራቸው ገቡ። ሁለቱ በመኪና ተጫኑ፤ አንደኛው ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ነበር። ባለፈው ዙር የተጫኑት ሃያ ሦስት ነበሩ። ሻምበሉ አላመሰገናትም። በሳምንቱ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ትእዛዝ ተለጠፈ፦ «በሕክምና ክፍሉ አስተያየት መሠረት ከስክስ ጫማ ከዚህ በኋላ ምልምሉ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይታደላል።» ሰው እስኪበተን ጠብቃ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እግሯ እስኪድን ስምንት ቀን ክሊኒክ ውስጥ በነጠላ ጫማ ዋለች፤ የመጣው ሁሉ ሲቀልድባትም ቻለችው።

ጎሽ ተመርቆ ራቅ ወዳለ ጦር ሠፈር ተመደበ። ከሰባት ወር በኋላ፣ እሷና ባለቤቷ ራት ላይ ሳሉ ስልኳ ጮኸ።

«ሃምሳ አለቃ፣ የቡድን መሪ አድርገውኛል። ሰኞ ዘጠኝ ልጆች ይዤ እወጣለሁ። እዚህ ቫዝሊን የሚባል ጠፍቷል፤ በምን ልተካው?»

«የሕፃናት ፓውደር ታገኛለህ?»

«አገኛለሁ።»

«በል ጻፍ» አለችና ወንበሯን ወደ መስኮቱ ሳበች። ባለቤቷ ሳህኗን በክዳን ሸፈነላትና የራሱን መብላት ቀጠለ።